ስማችሁን ሳልጠይቅ ላለፍኳችሁ ሁሉ

ለምታውቁኝም ለማታውቁኝም፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ከአዲስ አበባ ሐዋሳ በሳይክል ደርሰን ከተመለስን ዛሬ 9ኛ ቀናችን ነው። ደኅና ነኝ። የተላጠው መዳፌም ጠግጓል። «ወደቀች» የሚለውን ወሬ ሰምታችሁ የደወላችሁልኝ ብዙ ናችሁ። ለሁላችሁም መልሼ አልደወልኩም፣ ይቅር በሉኝ። ድምፃችሁን መስማት ብቻውን ብርታት ሆኖኛል።

ይህን የምጽፈው ግን ከሁሉ በላይ ስልኬ ለሌላቸው ሰዎች ነው። መንገድ ላይ አግኝተውኝ፣ ረድተውኝ፣ ስማቸውን እንኳ ሳልጠይቃቸው ያለፍኳቸው። ምናልባት ከእነሱ አንዱ፣ ወይም የአንዳቸው ልጅ ያነበው ይሆናል።

መጀመሪያ ለምን እንደሄድን ልንገራችሁ። ታናሽ እህቴ የልብ ሕመምተኛ ናት። 7 ዓመቷ ላይ ጉሮሮዋን ያማት ነበር። ቶንሲል ነው ተባለ። እናታችን በማርና በዝንጅብል አስታመመቻት። «እንጥሏን አስቆርጪያት» ያሏትም ነበሩ፣ ተመስገን፣ እምቢ አለች። ግን ሐኪም ጋም አልሄደችም። ትኩሳቱ ሲለቃት ሁላችንም ረሳነው። 12 ዓመት ሲሆናት ደረጃ መውጣት አቃታት። ሁለት ደረጃ ወጥታ ትቆማለች፣ ደረቷን ይዛ ትተነፍሳለች። በኋላ ሐኪሟ አስረዳን። የጉሮሮ ሕመሙን የሚያመጣው ባክቴሪያ በወቅቱ ካልታከመ፣ ሰውነት እሱን እዋጋለሁ ብሎ ተሳስቶ የራሱን ልብ ሊያጠቃ ይችላል። የሚጎዳው ቫልቩ ነው፣ ደሙን እየከፈተና እየዘጋ የሚያሳልፈው በር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ እህቴ በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ትወጋለች። ሕመሙ እየተመላለሰ ቫልቩን ይበልጥ እንዳይጎዳው ነው። መርፌው ያማል። አንድም ቀን ግን ቀርታ አታውቅም።

እናቴ እስከ ዛሬ ድረስ ይህን ስታነሣ ታለቅሳለች። ጥፋቷ አይደለም። ማን ነግሯት? እባካችሁ፣ ልጅ ጉሮሮዬን ብሎ ትኩሳት ከያዘው ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ይህችን ለመናገር ብቻ 275 ኪሎ ሜትር ብነዳም አይቆጨኝም ነበር።

እህቴን ለቀጠሮ ሳደርስ አግዳሚው ወንበር ላይ ከክፍለ ሀገር ከመጡ እናቶች ጋር እንቀመጣለን። ከፊሎቹ ሕክምናውን አግኝተው ማደሪያ የላቸውም። ልጃቸውን በጋቢ ጠቅልለው የት እንደሚያድሩ ሲማከሩ ሰምቻለሁ። የተጓዝነው ለነዚህ ቤተሰቦች የመሳፈሪያና የማደሪያ ገንዘብ ለማሰባሰብ ነው። 17 ሆነን፣ 2 ቀን።

ገንዘብ ያዋጣችሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሰፈራችን እድር፣ የቢሮ ጓደኞቼ፣ ዱባይና ሪያድ ሆናችሁ ከደመወዛችሁ የላካችሁልን የአክስቴ ልጆች። ካዛንቺስ ጫማዬን የሚጠርገው ሊስትሮ ወንድሜ የዚያን ቀን ሂሳብ አልቀበልም ብሎ 20 ብር ጨምሮ ሰጥቶኛል። እሷን ብር ለይቼ ነው ያስገባኋት።

ሳይክል የለመድኩት በ2011 ዓ.ም. ነው። «መንገድ ለሰው» ሲጀመር፣ አስፋልቱ ለመኪና በተዘጋባቸው እሑዶች፣ ተከራይቼ እየነዳሁ። ኮርቻውን ከኋላ ይዘው እየሮጡ ያስተማሩኝ የሳይክል አከራይ ልጆች፣ እናንተንም አመሰግናለሁ። ያኔ ከመስቀል አደባባይ ስታዲየም መድረስ ራሱ ሩቅ ነበር።

የወጣነው ኅዳር ውስጥ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ከመስቀል አደባባይ ነው። ቃሊቲን እስክናልፍ ጭስና ጡሩምባ ነበር። ከዱከም በኋላ ግን አገሩ ተከፈተ። በቀኝ በኩል ዝቋላ ብቻውን ቆሟል። ጤፉ ደርሷል፣ አንዳንዱ ማሳ ታጭዷል። የአድኣን ጤፍ በመኪና መስኮት ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ እንደሚሸት ግን አላውቅም ነበር። ጠዋት ጤዛው ሳይነሣ ጭዱ ይሸታል፣ የረጠበ ገለባና የአፈር ሽታ ተደባልቆ። መኪና ውስጥ ሆኖ ይህ አይገኝም። ሳይክል ላይ ስትሆን ነፋሱም፣ ወፉም፣ የእረኛው ፉጨትም ያንተ ነው። በእግር እንዳትል ፈጥነህ ትሄዳለህ፣ በመኪና እንዳትል ሁሉን ታያለህ። ለዚህ ነው የምወደው።

ቢሾፍቱ ፍርፍር በላን። ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ታጠፍን፣ በአሮጌው መንገድ። ቆቃን አልፈን ዓለም ጤና ስንደርስ ፀሐዩ አናት ላይ ነበር። ልጆች «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ባዶ ጠርሙስ ለመልቀም ከጎናችን ይሮጣሉ። ደግሞ «ጀባዹ!» ይላሉ፣ በርቺ ማለታቸው ነው። በርቻለሁ ልጆች፣ ገለቶማ።

መቂ ልገባ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀረኝ አንድ ፍየል ዘሎ ገባ። ፍሬን ያዝኩ፣ የኋላው ጎማ ተንሸራተተ፣ ከአስፋልቱ ጠርዝ ወርጄ ወደቅኩ። ጓደኞቼ ቀድመዋል። አጃቢ ሚኒባሳችን ፀሐይ የመታትን ልጅ ይዞ ወደ ከተማ ገብቷል። ስልኬ ተሰብሯል። መዳፌ ይደማል። ሳይክሌን ሳነሣው የኋላው ማርሽ መቀየሪያ ከማያዣው ተገንጥሎ በካቴናው ተንጠልጥሏል። በቃ፣ አለቀ አልኩ። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ፍየሎቹን የሚጠብቀው ልጅ 10 ዓመት ቢሆነው ነው። ፈርቶ የሚሸሽ መስሎኝ ነበር። መጥቶ በቢጫ ጀሪካን የያዘውን ውሃ እጄ ላይ አፈሰሰልኝ። ለራሱ የያዘው የመጠጥ ውሃ ነው። ምንም አላለም። ከዚያ መንገድ ላይ ቆሞ ባጃጅ አስቆመልኝ። የባጃጁ ሹፌር ሳይክሌን ከኋላ በገመድ አስሮ፣ በየጉድጓዱ እየቀነሰ፣ መቂ አንድ ጎሚስታ ጋ አደረሰኝ። ሒሳብ ስለው በእጁ ተወው ብሎኝ ሄደ። እናንተ ሁለታችሁ፣ ይህ ለእናንተ ነው።

አሁን ስለ ጎሚስታው ልንገራችሁ። ደጃፉ ላይ የባጃጅ ጎማ ተቆልሏል፣ ካላማዳሪያ በውሃ ገንዳ ውስጥ እያስገባ ቀዳዳ ይፈልግ ነበር። ሳይክሌን አየና ፈገግ አለ። እንዲህ ያለ ማርሽ መቀየሪያ መቂ እንደማይገኝ ሁለታችንም እናውቃለን። «የት ነው የምትሄጂው?» አለኝ። ሐዋሳ አልኩት። ለምን እንደሆነም ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ሳይክሉን በኮርቻው ገለበጠው።

የተሰበረውን መቀየሪያ በኪያቤ ፈትቶ አወጣው። የቀረውን ማያዣ በፒንሳ ቀጥ አደረገው። ካቴናውን አንድ ወፍራም ብረት ላይ አስተኝቶ፣ ምስማር ከፒኑ ላይ ደግኖ፣ በመዶሻ ቀስ ብሎ ይመታል። ፒኑ ሙሉ በሙሉ እንዳይወጣ፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ያቆማል። ካቴናውን በጣቱ ቆጠረ፣ ለካ፣ ደግሞ ቆጠረ። ትርፉን ቆርጦ ጣለና እንደገና ገጠመው። ሳይክሌ አንድ ማርሽ ብቻ ያላት ሆነች። ከፊት ትንሹ፣ ከኋላ ትልቁ ላይ አሰረልኝ። «ሜዳው ላይ እግርሽ በባዶ ይሽከረከራል፣ ትሰለቺያለሽ» አለኝ። «ነገ ግን ነጌሌ አቀበት አለ። እዚያ ታመሰግኚኛለሽ።»

እሱ በሚሠራበት ጊዜ ረዳቱ፣ ትንሽ ልጅ፣ መዳፌን በሳሙና አጠበልኝ። ጠጠሮቹን አንድ በአንድ አወጣ።

ስንት ነው ስለው እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ለልጆቹ ጨምሪልኝ» አለ። አንድ ሳንቲም አልተቀበለኝም። የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ከጎኑ ሁለት ባጃጅ ተራ እየጠበቀ ነበር።

ከመቂ ባቱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ፀሐዩ ደግሞ እየጠለቀ ነበር። ባዶ የቲማቲም ሳጥን የጫነ አንድ አይሱዙ ከኋላዬ መጣ። ይቀድመኛል ብዬ ጠርዝ ያዝኩ። አልቀደመኝም። ሁለቱንም ፍሬቻ አብርቶ ከኋላዬ ቀስ እያለ ተከተለኝ። ትልልቆቹ መኪኖች እሱን ዞረው ያልፋሉ። ባቱ መግቢያ ድረስ እንዲሁ መጣ። ስንገባ ጡሩምባውን ሁለቴ ነካ አድርጎ ሄደ። ፊቱን አላየሁትም። ወንድሜ፣ ያቺ ምሽት በሕይወት የገባሁት ባንተ ነው ብል ማጋነን አይደለም። እናቴ በየጸሎቷ ታነሣሃለች፣ ስምህን ስለማታውቅ «ያ ሹፌር» ትልሃለች።

ባቱ ጓደኞቼ አልበሉም ነበር፣ እኔን ሲፈልጉ። ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ዓሣ በላን። መብላቱን ትዝ አይለኝም፣ እንቅልፌን ብቻ ነው የማስታውሰው።

በማግሥቱ እንደተባለው ሆነ። ከቡልቡላ እስከ ላንጋኖ ያለው ሜዳ ላይ እግሬ በባዶ ተሽከረከረ፣ ሁሉም ጥለውኝ ሄዱ። ግራር፣ አቧራ፣ የጋሪ ፈረስ፣ በስተቀኝ ራቅ ብሎ አብያታ። የአብያታ ውሃ ምን ያህል እንደሸሸ በሳይክል ስታልፉ ልብ ይሰብራል።

ከዚያ አቀበቱ መጣ። ላንጋኖ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ አርሲ ነጌሌ ከ2,000 ሜትር በላይ። በመኪና አቀበት አይመስልም። በዚያች በአንድ ማርሽ ግን ወጣሁት፣ ሳልወርድ። ጎሚስታው፣ እውነትህን ነው፣ እዚያ አመሰገንኩህ። ጮክ ብዬ ነው ያመሰገንኩህ።

ብቻዬንም አልነበርኩም። ከመሃላችን አንጋፋው፣ 64 ዓመታቸው ነው፣ ቀድመው ወጥተው ሳለ ተመልሰው ወረዱልኝ። ጋሼ፣ የወጡትን አቀበት እንደገና ለመውጣት መውረድ ምን ማለት እንደሆነ ሳይክል የነዳ ያውቀዋል። በግራዬ፣ መኪና በሚያልፍበት በኩል ሆነው፣ እኔን ወደ ውስጥ አስገብተው ነዱ። ልቤን እንዳልሰማው ያወሩልኝ ነበር። በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ኦሊምፒክ ላይ 24ኛ ሆኖ ስለጨረሰው ስለ ገረመው ደንቦባ ነገሩኝ። በልጅነታቸው ሳይክል ያስያዛቸው የእሱ ስም ነው። እኔ ደግሞ በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ስለተወዳደረው ስለ ጽጋቡ ግርማይ ነገርኳቸው። እንዲህ እየተባባልን አንድ መታጠፊያ፣ ደግሞ አንድ መታጠፊያ። ነጌሌ ልንገባ ስንል ከትምህርት ቤት የወጡ ልጆች ደብተራቸውን ብብታቸው ስር አድርገው፣ ጀርባዬን በመዳፋቸው እየገፉ ሮጡ። የአንዷ እጅ ሙቀት አሁንም ጀርባዬ ላይ ያለ ይመስለኛል።

ሻሸመኔን በጥንቃቄ አለፍን። ከዚያ ወደ ሐዋሳ ቁልቁለት ነው።

አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው ጋ፣ እህቴ ቆማ ነበር። በጠዋት አውቶብስ ብቻዋን መጥታ። አላወቅኩም ነበር። አልጮኸችም፣ አልሮጠችም፣ እሷ መሮጥ አትችልም። ዝም ብላ ጠበቀችኝና ስደርስ በፋሻ የታሰረውን እጄን ይዛ አገላበጠችው። «ያምሻል?» አለችኝ። በየ4 ሳምንቱ የምትወጋዋ ልጅ እኔን ያምሻል ትለኛለች።

የቀጣዩ ቀጠሮዋ ታኅሣሥ ውስጥ ነው። ከዚያ ሁለታችንም መቂ እንመጣለን፣ በአውቶብስ። ጎሚስታው ወንድሜ፣ ሳይክሌ እንዳሰርክልኝ ናት፣ ማንም አልነካትም። የቆረጥከውን የካቴና ቁራጭ ረዳትህ ኪሴ ከቶልኝ ኖሮ ቤት ስደርስ አገኘሁት። እህቴ ወስዳ የቁልፍ መያዣ አድርጋዋለች። ይዛው ትመጣለች። ያኔ ስምህን እጠይቅሃለሁ።