ለገና የምናነባቸው የመጽሐፍ መክፈቻዎች

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ አባቴ፤ ደሴ።

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? የጦሳ ብርድ በዚህ ወር አጥንት ድረስ ይገባልና ጋቢውን ከላይዎ አይጣሉ። እኛ ኮምቦልቻ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ልጆቹም እጅ ይነሣሉ።

የገናው ንባብ እንዴት እንደሚሆን በስልክ የጠየቁኝን በጽሑፍ ባስረዳ ይሻላል ብዬ ነው። ለገና እያንዳንዳችን ከምንወደው መጽሐፍ የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ብቻ እናንብብ፣ ሌላው መጽሐፉን ይገምት ያልነው ሲያዩት ቀላል ነው። ሳይዘጋጁ ከገቡበት ግን ግማሹ ሰው መጽሐፍ ሲያገላብጥ፣ ግማሹ ሲያዛጋ ያልቃል።

ዋዜማው አይሆንም፤ ሌሊቱን ቅዳሴ አለ፣ ጾሙም የሚፈታው ከዚያ በኋላ ነው። የሚመቸው የገና ዕለት ከምሳ በኋላ፣ ቡናው ላይ ነው። ቡና እየተወቀጠ ግን አይጀመር፤ ሙቀጫው የአንባቢውን ቃል ይውጠዋል። አቦል ተጠጥቶ ቶና እስኪፈላ ባለው ጊዜ ይነበብ። አንዱ አንብቦ፣ ሌላው ገምቶ፣ ትንሽ ተስቆ ከ2 ደቂቃ አይበልጥም፤ 8 ሰው ቢያነብ ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። የተረፈ ካለ ለበረካ ይቆይ። መብራት ቢጠፋም በቀን ብርሃን ስለሆነ ለዓይንዎ አያስቸግርም።

ብዙ ክርክር የሚያስነሣው የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር የቱ ነው የሚለው ነው። የአማርኛ መጻሕፍት ከታሪኩ በፊት ብዙ ነገር አላቸው፤ መታሰቢያነቱ፣ ምስጋናው፣ መቅድሙ፣ አንዳንዴም የአሳታሚው ቃል። ከእነዚህ አንዱን ይዞ የመጣ ሰው ለማተሚያ ቤቱ ሠራተኞች የቀረበ ምስጋና ያነብልናል። ስለዚህ ምዕራፍ አንድ ይከፈት፤ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጀመሪያው አራት ነጥብ፣ ከዚያ ወዲያ የለም።

በቃል አስታውሰዋለሁ የሚልን ሰው አይመኑት። ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ቢጠየቅ ብዙ ሰው መጽሐፉ በሰብለ ወንጌልና በበዛብህ የሚጀምር ይመስለዋል፤ ሐዲስ ዓለማየሁ ግን የሚነሡት ከበዛብህ ወላጆች ነው። በ1958 የታተመውን መጽሐፍ ያነበበውም፣ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማውም እዚህ ላይ እኩል ይሳሳታል። ከቴሌግራም የተቀዳ ጥቅስ ደግሞ ይብሳል፤ መሐል ገጽ ላይ የተጻፈው መክፈቻ ተብሎ ይዞራል፣ የአንዱ ደራሲ ቃል ለሌላው ይሰጣል። መጽሐፉን በእጁ ያልያዘ ሰው ባያነብ ይሻላል።

ርዝመቱም ያስቸግራል። ቻርልስ ዲከንስ በፈረንጆች 1859 ያወጣው የሁለቱ ከተሞች ታሪክ «ከዘመናት ሁሉ የተሻለው ነበር፤ ከዘመናት ሁሉ የከፋውም ነበር» ብሎ ይጀምራልና ሁሉም የሚያውቀው እስከዚያ ነው። ዐረፍተ ነገሩ ግን በእንግሊዝኛው ከ100 ቃል በላይ ይሄዳል። እሱን ሙሉውን ቢያነቡት ቶናው ገንፍሎ እሳቱን ያጠፋል። እንዲህ ያለው ሲያጋጥም ከመጀመሪያዎቹ ጥንዶች በኋላ ድርብ ሰረዝ ላይ ይቆም፤ አንባቢውም «ይቀጥላል» ብሎ ይናገር እንጂ ያለቀ አያስመስል። ለበዓሉ የሚስማማው የዚሁ ሰው ሌላው መጽሐፍ ነው። በ1843 ለፈረንጆች ገና የወጣው የገና ተረኩ የሚከፈተው ማርሌ ሞቷል በሚል አጭር ነገር ነው። ስለ በዓል የሚያወራ መጽሐፍ በሞተ ሰው ሲጀምር ልጆቹ ምን ሆነ ብለው ይጠይቃሉ፤ ጥሩ መክፈቻ እንዲህ ሰሚውን ያስጠይቃል።

ቶልስቶይ በአና ካሬኒና ላይ «ደስተኛ ቤተሰቦች ሁሉ ይመሳሰላሉ፤ ደስታ የራቀው ቤተሰብ ግን እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ያዝናል» ያለውን እኅቴ መያዟ አይቀርም። ቤት ሙሉ ዘመድ በተሰበሰበበት ይህን ማንበብ ትንሽ ድፍረት ይጠይቃል፤ ቢሆንም ይነበብ፣ ክርክሩ ራሱ ደስ ይላል።

አንዳንዱ መክፈቻ ደግሞ አገሩን ካላወቁት አይገባም። የጆርጅ ኦርዌል «1984» የተባለው ልብ ወለድ «ብሩህና ቀዝቃዛ የሚያዝያ ቀን ነበር፤ ሰዓቶቹም አሥራ ሦስት ይደውሉ ነበር» ይላል። በእንግሊዝ ሚያዝያ መብረዱ የተለመደ ነገር ነው፤ እንግዳው አሥራ ሦስቱ ነው። የኮምቦልቻን ሚያዝያ የሚያውቅ ልጅ ግን የሚገርመው ብርዱ ነው፤ እሱን ሲያሰላስል ሰዓቱ ያልፈዋል። ስለዚህ አንባቢው አስቀድሞ «እዚያ አገር በሚያዝያ ይበርዳል» ይበልና ወደ ንባቡ ይግባ። ከተነበበ በኋላ የሚሰጥ ማብራሪያ ጨዋታውን ስለሚያቀዘቅዘው አልወደውም።

ቅዱሳት መጻሕፍትን ወደ ግምት ጨዋታው ባናስገባቸው ይሻላል። እርስዎ መጀመሪያ ላይ የዮሐንስን «ቀዳሚሁ ቃል ውእቱ» በግእዝ፣ ቀጥለውም «በመጀመሪያው ቃል ነበረ» በአማርኛ ቢሉልን መክፈቻውን የሚከፍተው እሱ ይሆናል። ሉቃስ የልደቱን ታሪክ በሰፊው ቢጽፍም ለዚህ አይመችም፤ ለቴዎፍሎስ የጻፈው መግቢያ አራት ቁጥር ሙሉ ሳያርፍ ይሄዳል፣ ሁሉም የሚወደው የቆጠራው ነገርም ያለው ምዕራፍ 2 ላይ ነው። ማቴዎስም ከመጀመሪያው ቁጥር በኋላ ወደ ትውልድ ዝርዝር ይገባል። ጎረቤታችን ሐጂ እንደ ልማዳቸው ለእንኳን አደረሳችሁ ከመጡ የቁርኣን መክፈቻ የሆነችውን ፋቲሃን እንዲሉልን ይጠይቋቸው፤ ሰባት አንቀጽ ብቻ ናት። ከወጣቶቹ አንዱ ቁርኣን የሚጀምረው «ኢቅራእ»፣ «አንብብ» ማለት ነው፣ በሚለው ነው ብሎ ይከራከር ይሆናል። እሱ በመጀመሪያ የወረደው ነው፤ በመጽሐፉ ተራ ግን 96ኛው ሱራ ላይ ይገኛል። ሐጂ ያስረዱታል፣ እኛ አንገባበትም። ማንበብ ለማይችሉት ሕፃናት «ተረት ተረት» ይበቃል፤ ቤቱ ሁሉ «የላም በረት» ብሎ ይመልስላቸዋል።

ወረቀቱን እኔ አዘጋጃለሁ። አንድ ኤ4 ለአራት ተቆርጦ በአንድ በኩል ዐረፍተ ነገሩ፣ በጀርባው የመጽሐፉና የደራሲው ስም ይጻፋል፤ አንባቢው ስሙን ሳይናገር ሌላው ይገምታል። የደብተር ወረቀት ስስ ስለሆነ ቀለሙ ወደ ጀርባ ያልፍና ስሙን ያደበዝዘዋል፤ ጠንከር ያለ መሆን አለበት። የእርስዎን በትልቁ፣ በአንድ ገጽ ከ6 መስመር ሳላበዛ እጽፈዋለሁ። እንደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ባሉ ገዳማት የኖሩት ቁም ጸሐፊዎች ከመጀመሪያው ገጽ በላይ ሐረግ የሚባለውን ጌጥ ይስሉ፣ የመክፈቻውንም ቃላት በቀይ ይጽፉ እንደነበር እርስዎ ያውቁታል። ልጆቹ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቃላት በቀይ እስክሪብቶ እንዲጽፉ አድርጌአለሁ፤ ሐረጉን ግን ጥንቸልና ኳስ አስገብተውበታል።

ሲነበብ የሚበላሸው መጨረሻው ላይ ነው። አማርኛችን ግሱን ለመጨረሻ ያቆየዋል፤ «መጣ» ይሁን «አልመጣም» የሚታወቀው እዚያ ሲደርስ ነው። ትንፋሹ መሐል ላይ ያለቀበት ሰው ድምፁን ይጥልና ዋናው ቃል ቡናው ጭስ ውስጥ ይቀራል። በነጠላ ሰረዙ ላይ በእርሳስ ትንሽ መስመር አድርጎ፣ እዚያ ተንፍሶ፣ መጨረሻውን በሙሉ ድምፅ ማለት ነው። ቀድሞ ለብቻ ጮክ ብሎ ሁለት ሦስት ጊዜ ያላነበበ ይሰናከላል። ካነበቡ በኋላ ዝም ይበሉ፤ ቶሎ «እሺ ማን ነው?» ከተባለ ሰው የሰማውን ሳያጣጥም መገመት ይጀምራል።

አሁን አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ሣጥኑ ውስጥ ያሉትን አሮጌ መጻሕፍት ቀደም ብለው ያውጡና የመጀመሪያው ገጽ መኖሩን ይዩልኝ። ሽፋኑ ሲላቀቅ ቀድሞ የሚሄደው እሱ ነው፤ ስንቱ መጽሐፍ ከገጽ 5 የሚጀምር ሆኖ ቀርቷል። ገጹ ተላቆ ከተገኘ በፕላስተር አያጣብቁት፤ ከጊዜ በኋላ ይቢጫል፣ ሲነሣም ፊደሉን ይዞ ይነሣል። 1 ማንኪያ የስንዴ ዱቄት በ5 ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ እስኪሟሟ በጥብጠው፣ ለስላሳ እሳት ላይ እያማሰሉ ያወፍሩትና ይቀዝቅዝ። በጣም ከወፈረ በስሱ ለመቀባት ያስቸግራል፣ በብዛት ከተቀባም በረሮ ይጠራልና በውሃ አቅጥነው በጣት ጫፍ ብቻ ይቀቡት። ጣት የማይሞላ ስስ የወረቀት ቅዳጅ በውስጠኛው ጠርዝ፣ ፊደል በሌለበት በኩል ይለጥፉ። ገጾቹ እንዳይጣበቁ በመሐላቸው ፌስታል ያስገቡና ከባድ ነገር ጭነውበት ይደር። ጠዋት ላይ ሳይደርቅ አይግለጡት።

እኔ በዋዜማው ከቀትር በፊት ለመነሣት አስቤአለሁ፤ ሐረጎ ላይ ጉም ከወረደ ሚኒባሱ ይዘገያልና አይጨነቁ። ሌላ የሚመጣ ዘመድ ካለ ስንት እንደሆነ ያስነግሩልኝ፣ ወረቀት ልጨምር። ገጹ የጠፋበት መጽሐፍ ካለም ርዕሱን ይንገሩኝ፤ እዚህ ካሉት አሮጌ መጻሕፍት ሻጮች ዘንድ ፈልጌ መክፈቻውን ገልብጬ አመጣለሁ።

መልካም ገና ያድርግልን።

ልጅዎ፤ ከኮምቦልቻ