የቤተ መቅደሱ ሰዓት ይቅደም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ለሕክምና ወደ ቼናይ የሚሄድ ወይም ተማሪ ልጁን ሊጠይቅ ደቡብ ህንድ የሚወርድ ቤተሰብ፣ እግረ መንገዱን መኪና ተከራይቶ በባሕሩ ዳር የተደረደሩትን የሂንዱ ቤተ መቅደሶች ማየት ይፈልጋል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ችግሩ ያለው ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዞ በሚሸጠው መርሐ ግብር ላይ ነው። መርሐ ግብሩ የሚሰፋው በኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚህ እዚያ 60፣ ከዚያ እዚህ 100 እያለ በአንድ ቀን አራት ቤተ መቅደስ ይደረድራል። ከአራቱ ሁለቱ ጋ የሚደረሰው ግን በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ልጆች በጠራራ ፀሐይ የተቆለፈ በር ሥር ሦስት አራት ሰዓት ይቀመጣሉ፤ ወይም ግንቡን ከውጭ ፎቶ አንስተው ይመለሳሉ።

ቼናይ በምትገኝበት በታሚል ናዱ ግዛት አምልኮ የሚካሄድባቸው ትልልቅ ቤተ መቅደሶች አብዛኞቹ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋሉ። ጠዋት ከ11 ወይም ከ12 ሰዓት ጀምረው ክፍት ይሆኑና ቢዘገይ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋሉ፤ እንደገና የሚከፈቱት ከ10 ሰዓት በኋላ ነው። (ሰዓቱን የጻፍኩት በእኛ አቆጣጠር ነው። በር ላይ ያለው ሰሌዳ 4 ሲል የእኛ 10 ማለት ነው። ልጆች ይህን እንዲይዙት አድርጉ፤ ወላጅ ሲዘነጋ እነሱ ያስታውሳሉ።) መዝጋቱ የምሳ ዕረፍት አይደለም። በእነርሱ ሥርዓት አምላኩ እንደ ንጉሥ ነው፤ ንጋት ላይ በዜማ ይቀሰቀሳል፣ ይታጠባል፣ ይለብሳል፣ ምግብ ይቀርብለታል፣ ቀትር ላይ መጋረጃው ወርዶ ያርፋል። በጉቦም በልመናም የሚከፈት በር አይደለም።

ስለዚህ ቀኑን ከሰዓቱ ጀምራችሁ ስሩት። በቀን ሁለት ቤተ መቅደስ በቂ ነው። አንዱን ጎህ ሲቀድ፣ ሁለተኛውን ከ10 ሰዓት በኋላ እዩ፤ የቀትሩን ጊዜ ለመኪና መንገድና ለምሳ አድርጉት። ንጋት ሌላም ጥቅም አለው። ጫማ የሚወልቀው ከውጭኛው በር ላይ ሲሆን የግቢው ድንጋይ ከ5 ሰዓት በኋላ እንደ ምጣድ ይግላል። በአንዳንዱ ግቢ ምንጣፍ ይዘረጋል ወይም ነጭ ቀለም የተቀባ መስመር አለ፤ ልጆቹን በእሱ ላይ አስኬዱ።

ከቼናይ ተነስቶ ወደ ደቡብ የሚወርደው የባሕር ዳር መንገድ መጀመሪያ የሚያደርሰው ማማላፑራም ነው፤ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። የባሕር ዳሩ ቤተ መቅደስ የተሠራው በ8ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በፓላቫ ነገሥታት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮም በዩኔስኮ መዝገብ ይገኛል። አሁን የሚተዳደረው እንደ ቅርስ ስለሆነ ቀትር ላይ አይዘጋም፤ የሃይማኖት ጥያቄም የለም። የውጭ ዜጋ 600 ሩፒ ይከፍላል፤ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አይከፍሉም። በዚያው ቲኬት ከአንድ አለት የተፈለፈሉትን አምስቱን ራታዎች (በሠረገላ መልክ የተሠሩ ቤተ መቅደሶች) ማየት ስለሚቻል አትጣሉት። በቀትር የሚያመች ቦታ ካለ ይኸው ነው። ከመንደሩ መሐል ባለው ታላቁ የአለት ቅርጽ ላይ፣ ከዝሆኖቹ አጠገብ አንዲት ድመት በኋላ እግሯ ቆማ የፊት እግሮቿን ወደ ሰማይ ዘርግታለች፤ የምትጾም የምትጸልይ መናኝ መስላ ነው። ከሥሯ አይጦች ተሰብስበዋል። ልጆች ይህቺን ድመት ራሳቸው ፈልገው እንዲያገኟት ተዉአቸው። ይህን ለማየት ክፍያ የለም።

ከዚያ በፑዱቼሪ በኩል ቺዳምባራም ይደረሳል፤ ከማማላፑራም 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚህ ማደርና ንጋት ላይ መግባት ይሻላል። የሚመለከው ሺቫ ሲሆን፣ እዚህ የሚገለጠው በዳንሰኛ መልክ ነው። ከእሱ ጎን በመጋረጃ የተሸፈነ ቦታ አለ፤ መጋረጃው ሲገለጥ የሚታየው ከወርቅ የተሠራ የቅጠል ሐረግ የተንጠለጠለበት ባዶ ቦታ ነው። አምላክን እንደ ህዋ አድርገው የሚያስቡት በዚህ ነው። በወርቅ የተለበጠው ጣሪያ 21,600 የወርቅ ንጣፎች አሉት ይላሉ፤ ሰው በአንድ ቀን የሚተነፍሰው ትንፋሽ ቁጥር እንደሆነ ይተረጉሙታል።

ታንጃቩር ከባሕር ይርቃል፤ ቢሆንም አትለፉት። ቀዳማዊ ራጃራጃ ቾላ እ.ኤ.አ. በ1010 ያስፈጸመው ቤተ መቅደስ ዋና ግንብ ከ60 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ የተሠራውም በግራናይት ድንጋይ ነው። ማምሻውን ስትደርሱ ድንጋዩ ወደ ማር ቀለም ይለወጣል፤ ግቢው ሰፊ ስለሆነ ሕፃናት ሳይጋፉ ይሮጣሉ። ከዚያ እስከ ራሜስዋራም ረጅሙ የመኪና መንገድ ነው፤ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከምሳ ጋር አምስት ስድስት ሰዓት። በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ እንሄዳለን ብላችሁ አታስሉ። በየመንደሩ የፍጥነት መግቻ አለ፤ ላምና ባለሞተሩም ድንገት ይገባል።

ስለ መኪናው፦ ከሾፌር ጋር ተከራዩ። ትራፊኩ በግራ ነው፤ የውጭ ዜጋ ራሱ ለመንዳት ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የሾፌሩ ተጨማሪ ወጪም ከፍተኛ አይደለም። ሰሌዳውን አስቀድማችሁ እዩ። ቢጫ ላይ ጥቁር ጽሑፍ የኪራይ መኪና ከነሾፌሩ ነው። ጥቁር ላይ ቢጫ ጽሑፍ ራስን ለመንዳት የሚከራይ ነው። ነጭ ሰሌዳ ያለው የግል መኪና ስለሆነ መከራየቱ ሕገ ወጥ ነው፤ አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ ፊቱን ያዞራል። ስድስት ሰው ይዞ ይሄዳል የሚባለው ቶዮታ ኢኖቫ ከነሻንጣው የሚችለው አራት፣ ቢበዛ አምስት ነው፤ ሻንጣው የኋላውን ወንበር ይወስደዋል። ከዚያ በላይ ከሆናችሁ 12 ሰው የሚይዘውን ቴምፖ ትራቭለር ጠይቁ።

ዋጋው ላይ የሚያጣላው ብዙ ጊዜ ኪሎ ሜትሩ ሳይሆን በጥቂት ቃል የታለፈው ነገር ነው። አከራዮች በአብዛኛው ለአንድ ቀን ቢያንስ 250 ኪሎ ሜትር ያስባሉ፤ 90 ብትሄዱም የ250 ትከፍላላችሁ። የሾፌሩ የቀን አበል (ባታ ይሉታል)፣ የመንገድ ቀረጥ፣ የመኪና ማቆሚያ፣ ከታሚል ናዱ ወደ ጎረቤቱ የኬረላ ግዛት ሲሻገር የሚከፈለው የፈቃድ ግብር በዋጋው ውስጥ መኖር አለመኖሩን በጽሑፍ አስፍሩ። ቼናይ ተነስታችሁ የኬረላ ዋና ከተማ በሆነችው ቲሩቫናንታፑራም ከተለያያችሁ ሾፌሩ ባዶውን የሚመለስበት መንገድም ይሰላል። ሌሊት አትጓዙ።

የእያንዳንዳችሁን ፓስፖርት በእጅ ያዙ። ሆቴል የውጭ ዜጋ ሲያሳድር በ24 ሰዓት ውስጥ ለመንግሥት ማሳወቅ አለበት፤ ይህን የማያደርጉ ትናንሽ ማረፊያዎች በተለይ በመንፈሳዊ ከተሞች እንግዳውን ከበር ይመልሳሉ። ክፍል ስትይዙ የውጭ ዜጋ መቀበሉን በስልክ አረጋግጡ።

አሁን ወደ በሩ ሥርዓት። እ.ኤ.አ. በ2024 የማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በታሚል ናዱ ሂንዱ ያልሆነ ሰው ከኮዲማራሙ እንዳያልፍ የሚል ትእዛዝ ሰጥቷል፤ ኮዲማራም ከውስጠኛው ክፍል ፊት ለፊት የቆመው ረጅሙ የሰንደቅ ምሰሶ ነው። ግቢውን፣ የምሰሶ አዳራሾቹን፣ ኩሬውን መመልከት በአብዛኛው ቦታ ይቻላል፤ ምስሉ ካለበት ክፍል ግን ውጭ ትቆማላችሁ። ሂንዱ ነን ብላችሁ ግቡ የሚል ደላላ ይገጥማችኋል። አትስሙት። እኛም ቤት ወደ መቅደስ የሚገባው ማን እንደሆነ እናውቃለን፤ እንግዳ ጥሶ ቢገባ የሚሰማንን እነርሱም ይሰማቸዋል።

ስልክ ይዞ መግባት በብዙ ቤተ መቅደሶች ተከልክሏል፤ በበሩ አጠገብ ቲኬት ሰጥተው የሚያስቀምጡበት መስኮት አለ። ይህም የቤተሰብ ችግር ይፈጥራል፦ ስልክ ሳይኖር በሺህ ሰው መካከል ልጅ ቢጠፋ መደወል አይቻልም። ሳትገቡ በፊት የምትገናኙበትን አንድ ቦታ ወስኑ፤ የጫማ ማስቀመጫው ይመረጣል፣ ምክንያቱም በአራቱም አቅጣጫ በር ባለው ግቢ ሁሉም የሚመለሰው ወደ ጫማው ነው። በልጁ ኪስ የሾፌሩን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ክተቱ። የአሥር፣ የሃያና የሃምሳ ሩፒ ኖቶችም ያዙ። ጉልበትና ትከሻ የሚሸፍን ልብስ ለሁሉም ነው፤ ከቲሩቼንዱር ወደ ደቡብ ወንዶች ሸሚዛቸውን አውልቀው የሚገቡባቸው ቤተ መቅደሶች ይበዛሉ።

ራሜስዋራም ደሴት ላይ ነው። የመኪናው ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1988 ተከፈተ፤ ከጎኑ ያለው አዲሱ የባቡር ድልድይ የመሐሉ ክፍል እንደ ሊፍት ወደ ላይ ተነስቶ መርከብ ያሳልፋል፤ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው። ቤተ መቅደሱ የሚታወቀው በሁለት ነገር ነው። አንዱ ከ1,200 በላይ ምሰሶዎች ያሉት የውጭው ኮሪደር ነው፤ ጫፍ ላይ ቆማችሁ ስታዩት መጨረሻው እንደ መርፌ ቀዳዳ ይጠባል። ሁለተኛው በግቢው ውስጥ ያሉት 22 የውሃ ጉድጓዶች ናቸው። ተሳላሚው መጀመሪያ በስተምሥራቅ ባለው ባሕር ይጠመቃል፤ ከነርጥብ ልብሱ ገብቶ ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላው በተራ ይሄዳል። በጉድጓዱ አፍ ላይ የቆመው ሰው በገመድ የታሰረ ባልዲ ወርውሮ ይቀዳና በተሳላሚው ራስ ላይ ይቸልስበታል፤ ውሃው ደረት ላይ ሲያርፍ ሕፃን ይጮኻል፣ አሮጊት ትስቃለች፣ ሰልፉ ይቀጥላል።

ለመመልከት ብቻ ብትቆሙም ትረጥባላችሁ። የሚያሰጋው ወለሉ ነው፤ ለዘመናት በባዶ እግር የለሰለሰ ድንጋይ ሲረጥብ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፣ ሰዉም ከጉድጓድ ጉድጓድ ይሮጣል። አረጋውያንን ከአንድ የቤተሰብ አባል ጋር በደረቁ ኮሪደር አቆዩ፤ ሕፃናትን በእጅ ያዙ እንጂ አትሸከሙ፣ የተሸከመ ሰው ሲወድቅ ሁለት ነው የሚጎዳው። ደረቅ ልብስ መኪና ውስጥ ሳይሆን በትከሻችሁ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይሁን፤ ለተሳላሚውም ቢሆን በርጥብ ልብስ ወደ ውስጠኛው ክፍል ማለፍ አይፈቀድም። እ.ኤ.አ. በ1964ቱ አውሎ ነፋስ የጠፋችው ዳኑሽኮዲ ከዚያ 20 ኪሎ ሜትር ብትርቅ ነው፤ ማታ ስለማያስገቡ ከቀትር በኋላ ወዲያው ሂዱ።

ቲሩቼንዱር ማዕበሉ ደጁ ላይ የሚሰበር፣ ሙሩጋን የተባለው አምላክ ቤተ መቅደስ ነው። ከዚያ ካንያኩማሪ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ የምትመለከው ድንግል ሴት አምላክ የአፍንጫ ቀለበት አልማዝ ከማብረቁ የተነሳ መርከበኞች የመብራት ማማ መስሏቸው ከአለት ጋር ይጋጩ ነበር፣ ስለዚህ የምሥራቁ በር ከጥቂት የበዓል ቀናት በቀር ይዘጋል ይባላል። ባሕሩ ውስጥ ወዳለው የቪቬካናንዳ አለት የሚወስደው ጀልባ ከጠዋቱ 2 እስከ 10 ሰዓት ገደማ ይሠራል፤ ባሕሩ ከተናወጠ ይቆማል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ጀልባውን፣ ማታ ቤተ መቅደሱን።

ምግብ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ለጾመኞች። በህንድ ሥጋ የሌለበት ማለት የጾም ማለት አይደለም፤ ቅቤ፣ እርጎና ወተት ይገባበታል። ፖንጋል የሚሉት የሩዝና የማሾ ገንፎ በቅቤ ይሠራል፤ በቤተ መቅደስ የሚታደለው የእርጎ ሩዝም አይሆንም። ኢድሊ የሚሉት የሩዝ ዳቦ በእንፋሎት የበሰለ ስለሆነ ሳምባር ከሚሉት ወጥ ጋር ያስተማምናል። ዶሳ (እንደ እንጀራ ስስ ቂጣ ነው) ስታዝዙ "ኔይ ቬንዳም" በሉ፤ ቅቤ አልፈልግም ማለት ነው። ቡናው በወተት ነው።

ጊዜውን በተመለከተ (ወሮቹም በእኛ አቆጣጠር ናቸው)፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በታሚል ናዱ ዳርቻ ዝናብና አውሎ ነፋስ ይበረታል። ከኅዳር የመጀመሪያ ሳምንት እስከ ጥር 6 አካባቢ በኬረላ ተራራ ላይ ወዳለው የሳባሪማላ ቤተ መቅደስ የሚሄዱ ተሳላሚዎች ጥቁር ልብስ ለብሰው ካንያኩማሪን ሳይቀር ይሞላሉ፤ ከዚያ ፖንጋል የሚባለው የመኸር በዓል ይከተላል። ከጥር 10 እስከ የካቲት መጨረሻ ያለው ጊዜ ነው የሚመረጠው። ሚያዝያና ግንቦት ከልጆች ጋር አይሞከርም።

ጉዞው በቲሩቫናንታፑራም ከተጠናቀቀ፣ የፓድማናባስዋሚ ቤተ መቅደስ ሂንዱ ላልሆነ ሰው ፈጽሞ እንደማይከፈት እያወቃችሁ ግንቡንና ኩሬውን ከውጭ እዩ። የአውሮፕላን ቲኬት ስትቆርጡም "አራቱ" የሚባለው የቤተ መቅደሱ በዓል የሚውልበትን ቀን አጣሩ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱ በመጋቢት ወይም በሚያዝያ፣ ሌላው በጥቅምት ወይም በኅዳር፣ ምስሎቹ ለመታጠብ ወደ ባሕር የሚወርዱበት ሰልፍ የሚያልፈው በአየር ማረፊያው ማኮብኮቢያ ላይ ነው። ከቀትር በኋላ ከ10 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ለአምስት ሰዓት ያህል አውሮፕላን አይነሳም፣ አያርፍም።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣው አንባቢ