ስለ መርዙጋ የወፍ ምልከታ ጉዞ ለደንበኞቻችን የተላከ ማብራሪያ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

በደቡብ ምሥራቅ ሞሮኮ፣ ከአልጄሪያ ድንበር አጠገብ ወደምትገኘው መርዙጋ በምናዘጋጀው የወፍ ምልከታ ጉዞ ከተመዘገባችሁት መካከል ብዙዎቻችሁ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ከጣለው ከባድ ዝናብ በኋላ በአሸዋ ክምሮቹ መካከል ውኃ ተኝቶ የሚያሳዩትን ፎቶግራፎች ተመልክታችሁ፣ ሐይቁና ፍላሚንጎዎቹ በፕሮግራማችን ለምን እንዳልተካተቱ ጠይቃችሁናል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ምክንያታችንን በጽሑፍ ማስረዳቱን መርጠናል።

ከመርዙጋ አጠገብ ያለው ዳየት ስርጂ የተባለው ሐይቅ ዝናብ ሲያገኝ የሚሞላ፣ ዝናብ ሲጠፋም ወደ ተሰነጣጠቀ ጭቃ የሚመለስ ጥልቀት የሌለው ረባዳ ቦታ ነው። ሲሞላ ፍላሚንጎዎችና ዳክዬዎች ይወርዱበታል፤ ሲደርቅ ግን የሚታይበት ነገር እምብዛም ነው። በዚያው ዝናብ የሞላው ሌላው ሐይቅ፣ በዛጎራና በታታ መካከል የሚገኘው ኢሪኪ፣ ከዚያ በፊት ለ50 ዓመታት ያህል ደርቆ መቆየቱ ነገሩ ምን ያህል በሰማይ ፈቃድ ላይ እንደተንጠለጠለ ያሳያል። ስለዚህ ከወራት በፊት ገንዘብ ተቀብለን ሐይቅ እናሳያችኋለን ብንል፣ በእጃችን የሌለ ዕቃ እንደ መሸጥ ይሆንብናል። ውኃ ካለ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንወስዳችኋለን። ፍላጎታችሁ ፍላሚንጎ ማየት ብቻ ከሆነ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከሻላ አጠገብ ያለው ጪቱ ሐይቅ ይቀርባችኋል፤ ወጪውም እጅግ ያነሰ ነው።

ጉዞውን የመሠረትነው ደረቁን ምድር ቤታቸው ባደረጉ ወፎች ላይ ነው። እነዚህም በአብዛኛው የሚገኙት እስከ 150 ሜትር ከፍታ ባላቸው የኤርግ ሸቢ የአሸዋ ክምሮች ላይ ሳይሆን፣ በዙሪያቸው ባለው ጠጠራማ ሜዳና ቁጥቋጦ ውስጥ ነው። ሁፖ ላርክ የተባለችው ወፍ መሬት ላይ ስትሮጥ ከአፈሩ አትለይም፤ በማለዳ ግን እያፏጨች ቀጥ ብላ ጥቂት ሜትር ወደ ላይ ትወጣና ክንፏን ዘርግታ ስትወርድ፣ ተደብቆ የነበረው ጥቁርና ነጭ ቀለም በአንድ ጊዜ ይገለጣል። ሳንድግራውስ የሚባሉት፣ ርግብ የሚመስሉት ወፎች ደግሞ ፀሐይ ከወጣች በኋላ በመንጋ ወደ ውኃ ይመጣሉ፤ ወንዱ የሆዱን ላባ ውኃ ውስጥ ነክሮ፣ ላባው እንደ ስፖንጅ የያዘውን ይዞ እሩቅ ወዳሉት ጫጩቶቹ ይበራል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ከሆቴል እንድትወጡ የምንጠይቀው ለዚህ ነው። ረፋድ ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ወፎቹም ጥላ ይይዛሉ፤ ቁርስ በልተን እንውጣ ያለ ሰው የሚያገኘው ባዶ ሜዳ ነው። ወቅቱንም በመጋቢትና በሚያዝያ ያደረግነው፣ ከሰሐራ በታች ከርመው ወደ አውሮፓ የሚመለሱት ወፎች በዚያን ጊዜ ስለሚያልፉና ከ40 ዲግሪ የሚያልፈው የዚያ አገር የበጋ ሙቀት ገና ስለማይጀምር ነው።

በመርዙጋ አቅራቢያ ባለችው በሪሳኒ ከተማ አካባቢ ስለሚታየው፣ የግብፅ ናይትጃር ስለሚባለው ወፍ ለብቻው ማስረዳት ይገባናል። ይህ በሌሊት የሚያድን ወፍ ቀኑን ሙሉ በአንዲት ደረቅ ቁጥቋጦ ሥር ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል፤ መልኩ የአሸዋ በመሆኑ ቦታውን የሚያውቁት በአካባቢው ከብት የሚጠብቁ ዘላኖች ናቸው። እነርሱም ለእንግዳ እያሳዩ ገንዘብ ይቀበላሉ፤ ይህም ተገቢ ነው። ችግሩ የሚመጣው፣ ፎቶ የሚያነሣው ሰው አንድ እርምጃ፣ ደግሞ አንድ እርምጃ ሲል ወፉ ከጥላው ተነሥቶ በቀትር ፀሐይ ሲበር ነው። ስለሆነም ለመሪው የምንከፍለው ወፉን ስላወቀ እንጂ ስላቀረበን እንዳልሆነ አስቀድመን ተስማምተናል፤ እናንተም መሪው ከቆመበት አልፋችሁ እንዳትሄዱ፣ በቴሌስኮፕ ብቻ እንድትመለከቱ እንጠይቃለን። የወፍ ድምፅ በስልክ አጫውቶ መጥራትም በእኛ ጉዞ አይፈቀድም፣ ወቅቱ የመራቢያቸው ነውና።

ሁባራ የተባለውን ትልቅ ወፍ ልናይ እንችላለን፤ ሆኖም በሞሮኮ በሰው እጅ ተራብተው የሚለቀቁ ሁባራዎች ብዙ ስለሆኑ፣ ያየነው በዱር የተወለደ ነው ብለን አናረጋግጥም። የበረሃ ድንቢጥ በአንጻሩ በድንኳን ሰፈሮች አጠገብ የምትገኝበት ጊዜ ስላለ፣ ሻይ እየጠጣችሁ ልታዩዋት ትችሉ ይሆናል።

ከማራካሽ እስከ መርዙጋ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መንገዱም 2,260 ሜትር ከፍታ ባለው የቲዚ ንቲሽካ የተራራ መተላለፊያ በኩል ስለሚያልፍ በሁለት ቀን ከፍለነዋል። 8 በ 42 የሆነ (8 እጥፍ የሚያቀርብ፣ የፊት ሌንሱ 42 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው) ባይኖኩላር ይበቃል፤ ለማለዳው ብርድ ወፍራም ልብስ ያዙ። ድሮን ግን አትያዙ፤ ያለ ፈቃድ ወደ ሞሮኮ ማስገባት የተከለከለ በመሆኑ በአውሮፕላን ማረፊያ ይወሰድባችኋል።

ሐይቁን ብላችሁ ተመዝግባችሁ ከነበረና ይህን ካነበባችሁ በኋላ ሐሳባችሁን ከለወጣችሁ፣ የአውሮፕላን ትኬት ከመቁረጣችን በፊት ብታሳውቁን የከፈላችሁትን ቅድሚያ ክፍያ ሙሉ በሙሉ እንመልሳለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የጉዞ ዝግጅት ክፍል