ፍሪጁን አልልክም

አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ጣትህ መቆረጡን የሰማሁት ከጎረቤታችን ከሐጂ ልጅ ነው። ማክሰኞ ስደውልልህ «እግሬን ትንሽ አሞኛል» አልከኝ። ትንሽ! ለካ ያኔ ሆስፒታል ተኝተህ ነው ያነጋገርከኝ። እሷ ባትነግረኝ እስከ መቼ ልትደብቀኝ ነበር? ስመጣስ ካልሲህን ሳታወልቅ ልትከርም ነው?

ተናድጄ አይደለም የምጽፈው። ማለቴ፣ ተናድጃለሁ፣ ግን ለሱ አይደለም።

ትንሹ የልጅ ልጅህ ሁለት ጥርሱ ወለቀ። እንዳንተ ጣሪያ ላይ እንወርውረው ብዬ ተነሳሁ። ሰባተኛ ፎቅ ላይ የምን ጣሪያ አለ? በረንዳ ወጥተን ወደ ላይ ወረወርነው፣ ታች የሰው መኪና ላይ አረፈ። ትልቋ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተክርስቲያን አማርኛ ትማራለች። ሀሁን ጨርሳ መጀመሪያ የጻፈችው ያንተን ስም ነው። ፎቶ አንስቼ ልኬዋለሁ፣ የሐጂ ልጅ በስልኳ ታሳይህ።

ይኸው፣ ዞሬ ዞሬ ሐጂ ቤት ደረስኩ። ልጆቹን ያመጣሁት እሱን ለመሸሽ ነበር።

አባዬ፣ ያ ሰሞን አልወጣልህ አለኝ። ሚያዝያ 11 ቀን 2007፣ ዳግማይ ትንሣኤ። የፋሲካው ዶሮ ወጥ ገና አላለቀም ነበር። አይሲስ ሊቢያ ላይ ሠላሳ ያህል ወገኖቻችንን ክርስቲያን ናችሁ ብሎ ገድሎ ቪዲዮውን ለቀቀው። ሁለቱ የኛው የጨርቆስ ልጆች ነበሩ። ባሕሩን ተሻግረው ሊያልፍላቸው የወጡ። ሰፈሩ እንዴት እንደጮኸ ላንተ አልነግርህም።

የማስታውሰው ድንኳኑን ነው። ከተከሉት ጎረምሶች ስንቱ ሙስሊም ነበር። የሐጂ ሚስት ከንጋት ጀምራ ቡና ስታፈላ ዋለች። ሐጂ መጡና አጠገብህ ሊቀመጡ ሲሉ ወንበርህን አዞርክባቸው። ከዚያ ሰው ሁሉ እየሰማ «ማን አስተማራቸው? እናንተ አይደላችሁም?» አልክ።

አንድ ቃል አልመለሱም። ትንሽ ቆመው ቆዩና ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ።

እኔም እዚያው ነበርኩ። 24 ዓመቴ ነው፣ ሕፃን አልነበርኩም። አልተከተልኳቸውም። ሲኒ ማመላለሴን ቀጠልኩ። ይኼንን ስጽፍልህ ራሴን ከደሙ ንጹህ አድርጌ እንዳይመስልህ።

ረቡዕ መንግሥት ራሱ በጠራው ሰልፍ መስቀል አደባባይ ወጣን። ሕዝቡ ልጆቻችን ለምን ይሰደዳሉ ብሎ መንግሥት ላይ ጮኸ። ድንጋይ ተወረወረ፣ አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ፣ ዱላው መጣ። ዓይኔን አቃጥሎኝ ስደናበር እጄን ይዞ ሱቅ ያስገባኝና በሩን የዘጋው የሐጂ ትልቁ ልጅ ነው። ማታ ቤት ስገባ ቴሌቪዥኑ ያለውን ደገምክልኝ፤ «የሰማያዊ ፓርቲ ሥራ ነው፣ አንቺን እዚያ ማን ላከሽ?» ትከሻዬን እንኳ አላየኸውም።

ያ ልጅ አርብ አርብ አንዋር መስጊድ «ድምፃችን ይሰማ» ይል እንደነበር ታውቃለህ። የሙስሊሙን ምክር ቤት፣ መጅሊሱን፣ ራሳችን እንምረጥ፣ መንግሥት እጁን ያንሳልን ነው ያሉት። አንተ ግን በቴሌቪዥን የወጣባቸውን ዶክመንተሪ አየህና «አሸባሪ» አልከው። ጥያቄያቸውን ይዘው የቆሙት ኮሚቴዎች በዚያው በ2007 ክረምት በፀረ ሽብር አዋጁ እስከ 22 ዓመት ሲፈረድባቸው «ይበላቸው» አልክ። ሊቢያ ላይ ያረደውም አሸባሪ፣ መጅሊሴን ልምረጥ ያለውም አሸባሪ። ስንቴ ተጣላንበት! እራት ጥለን የተነሳንበት ቀን አለ። ዛሬም አልተስማማሁም፣ አንተም አትስማማም፣ ይሁን። በፖለቲካማ ዕድሜ ልካችንን ብንከራከር ግድ የለኝም። እንደውም ክርክርህ ይናፍቀኛል።

ወንበሩ ነው ያልተዋጠልኝ።

አንተ እኮ የወሎ ሰው ነህ። በእናትህ ቤት ድግስ ሁለት በሬ ይታረድ ነበር፣ አንዱ «በስመ አብ» አንዱ «ቢስሚላህ» ተብሎ፣ ሥጋው ለየብቻ ሰዉ አንድ ላይ፣ ብለህ ያወራኸኝ አንተ ነህ። ደሴ ያሉት አክስትህ ማንን እንዳገቡ እዚህ አልጽፈውም። እማዬ ብትኖር ኖሮ በማግስቱ እጅህን ይዛ ትወስድህ ነበር። እሷ የለችም፣ እኔ ደግሞ ሩቅ ነኝ፣ እንዲሁ አሥር ዓመት አለፈው።

ያን ሌሊት እግርህ ሲያብጥ ተሸክሞ ታክሲ ውስጥ ያስገባህ ማን ነው? ያው «አሸባሪው» ነው። እሱ አልነገረኝም፣ እህቱ ናት የነገረችኝ።

ፍሪጅህ መብራት ሄዶ ሲመጣ ከተቃጠለ ሦስት ወሩ። ኢንሱሊንህ ያለው ሐጂ ፍሪጅ ውስጥ ነው። ልጅቷ ጠዋት ማታ ታመጣልሃለች፣ አንተ በር ላይ ቆመህ ትቀበላታለህ። ለነገሩ «ተባረኪ» ትላታለህ አሉ። ቤታቸውን ግን አንድ ቀን አልረገጥክም።

ካዛንቺስ ሲፈርስ አይተሃል። ስንት ዓመት ቡና የተጠራራ ጎረቤት አንዱ ገላን ጉራ፣ አንዱ ሌላ ጋ ተበተነ። የኛም ሰፈር አይቀርለትም እያሉ ያወሩልኛል። እውነት ይሁን ወሬ፣ እኔ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ሐጂም ዓይናቸው ደክሟል። ድምፅህን ከግቢ ሲሰሙ «ዛሬ ተሻለው?» ብለው ይጠይቃሉ አለችኝ።

እንግዲህ ፍሪጅ መግዣ ላኪልኝ ብለሃል። ብሩ አለኝ። ግን አልልክም። የፋሻውንና የሐኪሙን ነገ እልካለሁ፣ ፍሪጁን አልልክም። ተቆጣ። ደውለህ ስደበኝ፣ እሰማሃለሁ።

መድኃኒትህን ራስህ ሄደህ ውሰድ። ከዘራህን ይዘህ ውጣ። ክፍት ጫማ እንዳታደርግ፣ ቁስሉ አቧራ አይወድም። ደጃፋቸው ላይ ሁለተኛዋ ደረጃ ተሰንጥቃለች፣ ግድግዳውን ያዝ። ምን ልበላቸው ብለህ አትጨነቅ፣ ሐጂ እንደሆኑ ምንም አይጠይቁህም፣ «ግባ» ብቻ ነው የሚሉህ። የሐጂ ሚስት ስኳርህን ታውቃለች፣ ቡናውን ያለ ስኳር ነው የምትሰጥህ።

ልጅህ