ሒሳቡ ተዘጋ፣ ድካሙ ግን አልተዘጋም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ቢዘጋም የእኛ የሒሳብ ሠራተኞች ድካም እስከ ጳጉሜን እየተንከባለለ እንደሚዘልቅ፣ ብዙዎቻችንም ይህን እንደ ጀግንነት ቆጥረን እንደምንኩራራበት ስለታዘብኩ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሳሁ።

ዘንድሮ በመዝጊያው ሰሞን በባንክ መግለጫውና በመዝገባችን መካከል የ90 ብር ልዩነት ተገኘ። ልዩነት ለ9 ሲካፈል አስቀድሞ የሚጠረጠረው የአኃዞች ቦታ መለዋወጥ መሆኑን ለጀማሪዎች የማስተምረው እኔው ነኝ፤ ሆኖም ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ደረሰኝ ሳገላብጥ ቆይቼ ባዶ እጄን ወደ ቤቴ ገባሁ። በማግስቱ፣ እንቅልፏን ጠግባ የመጣችው ረዳቴ 540 ብር 450 ተብሎ መመዝገቡን የጠዋት ሻይዋን ሳትጨርስ አገኘችው። የቆጨኝ ስሕተቱ አይደለም፤ «አበቃልሽ፣ ሥራው ከእጅሽ ወጥቷል» እያልኩ ራሴን ስወቅስ ማደሬ ነው። እሷ እንዲያ ደክማ ባያት «በይ ሂጂና ተኚ» ከማለት በቀር ክፉ ቃል ባልወጣኝ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ይህን ዓይነቱን ዝለት በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ጫና የሚመጣ ክስተት አድርጎ መድቦታል፤ ምልክቶቹም የኃይል መሟጠጥ፣ ከሥራ በሐሳብ መራቅና የውጤታማነት መቀነስ ናቸው። በሽታ አላለውም፣ ስንፍናም አላለውም።

ሕጉም ቢሆን ችላ አላለንም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ፣ ከዚያም በኋላ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ጭማሪ ይሰጣል፤ ሠራተኛው በሥራ ላይ እስካለ ድረስ በፈቃዱ ፋንታ ገንዘብ መክፈልንም ይከለክላል። በተግባር ግን ፈቃድ የአለቃ ችሮታ መስሎ ይታያል፤ እኛም ብንሆን ከሐምሌ ወደ ሐምሌ ስናሻግረው ማንም አላስገደደንም። አሠሪዎች የፈቃድ መርሐ ግብሩን ገና በሐምሌ መጀመሪያ አውጥተው ቢለጥፉ፣ የመዝጊያው ሥራ ያደከማቸውንም ቢያስቀድሙ፣ በልመና የሚጠየቅ ነገር ባልኖረ ነበር።

እኔ ከነሐሴ አጋማሽ እስከ እንቁጣጣሽ ዋዜማ ያለውን ጊዜ ጠይቄያለሁ። ቅጹ ላይ «ምክንያት» የሚል መስመር አለ፤ በየዓመቱ «የቤተሰብ ጉዳይ» እያልኩ ስሞላው ኖሬ፣ ዘንድሮ እስክሪብቶዬን ይዤ ጥቂት ካመነታሁ በኋላ «ዕረፍት» ብዬ ጻፍኩበት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የሒሳብ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ