ለልጄ፦ አሰልጣኙን ለመጨረሻ አትተው

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጎንደር ክረምቱ ጠንቶባታል። ከሰዓት በኋላ ከቤት የሚወጣ የለም። እኔም የላክልኝን የስም ዝርዝር ይዤ ቁጭ ብያለሁ። እናትህ «ደግሞ ጀመረህ?» ትለኛለች። ምን ላድርግ? አንተ ካናዳ፣ ኤድመንተን ከገባህ ወዲህ ሳልወድ በግዴ የበረዶ ሆኪ ደጋፊ ሆኛለሁ።

ነገሩ ገብቶኛል። ስምንት ጓደኛሞች ናችሁ። ከሆኪ ታሪክ ውስጥ የሞተም ያለም ሳትሉ ተራ በተራ ትመርጣላችሁ። አንዱ የወሰደውን ሌላው አይነካውም። መጨረሻ ላይ ሁላችሁም ስለቡድናችሁ ትከራከሩና አሸናፊው በድምፅ ይለያል። በልጅነታችን ለገና ጨዋታ ሜዳ ስንወጣ ሁለቱ አለቆች እንዲሁ ተራ በተራ ይመርጡን ነበር። ያው የተቆለመመ ዱላና ሩር ነው፣ በረዶው ብቻ የለም። ግን የእኛ አለቃ ራሱ ገብቶ ይጫወት ነበር፤ እየጮኸም ያሰልፈን ነበር። አንተ በላክልኝ ዝርዝር ላይ ግን የአሰልጣኙ ቦታ ባዶ ነው። «እሱ መጨረሻ ላይ ይታያል» ብለህ ጽፈህበታል። ብዕር ያስነሳኝ ይሄ ነው።

መጀመሪያ ተጫዋቾቹን ቶሎ ልጨርስ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ። ተራህ አምስተኛ ስለሆነ ግሬትዝኪን እርሳው። ከተማችሁ ሐውልት ያቆመችለትን ሰው እዚያው ከተማ ውስጥ አምስተኛ ድረስ የሚተወው የለም። 894 ጎል አግብቶ 1,963 ለጎል አመቻችቷል። ያመቻቸው ብቻ ከማንም ሌላ ተጫዋች ጠቅላላ ነጥብ፣ ማለትም ካገባውና ካመቻቸው ድምር፣ ይበልጣል። የጎሉን ክብረ ወሰን ኦቬችኪን በ2025 ወሰደበት፤ ይሄኛውን ግን የሚደርስበት አይታየኝም።

እኔ አንደኛ ተራ ቢደርሰኝ ኖሮ ግን ግሬትዝኪን አልወስድም ነበር። ቦቢ ኦርን ነበር የምለው። ተከላካይ ሆኖ በ1970 እና በ1975 የሰሜን አሜሪካውን ትልቅ ሊግ የነጥብ ፉክክር አሸነፈ። ከእሱ በፊትም ከእሱ በኋላም ይህን ያደረገ ተከላካይ የለም። ጎል የሚያገባ ሰው በታሪክ ሞልቷል። ከኋላ ተነስቶ ጨዋታውን በሙሉ የሚዘውር ግን እሱ ነው። ጉልበቱ ከዳውና ገና በ30 ዓመቱ ጫማውን ሰቀለ። በሐሳብ ጨዋታ ደግሞ ጉልበት አይታመምም፤ ስለዚህ እሱም አንተ ጋ አይደርስም። ማሪዮ ለሚዩም አይደርስህም። በ1993 የካንሰር ጨረር ሕክምናውን በጨረሰበት ቀን ማታ ገብቶ የተጫወተ ሰው ነው። በዚያው የውድድር ዓመት 60 ጨዋታ ብቻ ተሰልፎ በ160 ነጥብ ሁሉንም በለጠ። ማን ይተወዋል?

አራተኛው ጓደኛህ ጎርዲ ሃውን ካለፈው ሳትውል ሳታድር ውሰደው። ለእሱ አደላለሁ፣ አልደብቅህም። ጡረታ ከወጣ በኋላ በ1973 ተመልሶ ከሁለት ልጆቹ ጋር በአንድ ቡድን ተሰለፈ። 52 ዓመት ሊሞላው ሲልም በትልቁ ሊግ 80ውንም ጨዋታ ተጫውቷል። እኔ በዚያ ዕድሜዬ የፋሲል ግንብን ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኝ ነበር። ሃው ከተወሰደ ዶሚኒክ ሃሼክን በል። የሊጉን የኮከብነት ሽልማት ሁለቴ የወሰደ ብቸኛው በረኛ ነው። በ1998 ናጋኖ ላይ ቼኮችን ለኦሎምፒክ ወርቅ ያበቃቸውም እሱ ነው።

አሁን ወደ አሰልጣኙ እንምጣ። ስኮቲ ቦውማንን ውሰድ። በመደበኛው ውድድር 1,244 ጨዋታ አሸንፏል፣ የሊጉን ሻምፒዮን የሚለየውን የስታንሊ ዋንጫን ዘጠኝ ጊዜ አንስቷል። እኔን የሚገርመኝ ግን ዘጠኙ የት የት እንደተነሳ ነው። አምስቱ በሞንትሪያል፣ አንዱ በፒትስበርግ፣ ሦስቱ በዲትሮይት። በየሄደበት ያገኘው ሰው ሌላ ነው፣ ዘመኑም ሌላ ነው። በሞንትሪያል የመጀመሪያውን ሲያነሳ 1973 ነው፣ በዲትሮይት የመጨረሻውን ሲያነሳ ደግሞ 2002።

ጓደኞችህ የሞንትሪያሉን አሰልጣኝ ቶ ብሌክን ያነሱብሃል። ስምንት ዋንጫ በ13 ዓመት፣ አምስቱ በተከታታይ። ቀላል ሰው አይደለም። ነገር ግን ከመጨረሻዋ ዋንጫ በስተቀር ሁሉንም የወሰደው ሊጉ ስድስት ቡድን ብቻ በነበረው ጊዜ ነው፣ ያውም በአንድ ክለብ። ግትርም ነበር። በረኛው ዣክ ፕላንት በጨዋታ ላይ ጭምብል እንዲያደርግ አይፈልግም ነበር። በ1959 ኒውዮርክ ላይ ፕላንት ፊቱን ተመትቶ ደሙ ፈሰሰ። ከተሰፋ በኋላ «ያለ ጭምብል አልገባም» አለ። ተቀያሪ በረኛ ስላልነበረ ብሌክ እጁን ሰጠ። ይሄን ክርክሩ ላይ አንሳው፣ ይጠቅምሃል።

ታራሶቭን የሚያነሳ ከመጣ ተጠንቀቅ፣ እሱ ሆኪ ያወቀ ነው። ሶቪየቶችን ከምንም ተነስቶ የገነባቸው ታራሶቭ ነው። በረዶ እንደልብ ባልነበረበት ጊዜ ልጆቹን በደረቅ መሬት ላይ እያሰለጠነ አሳደጋቸው። በ1972 ሞንትሪያል ላይ ካናዳን 7 ለ 3 ያሸነፈውን ቡድን የመራው ሌላ ሰው ነበር፤ አብዛኞቹ ተጫዋቾች ግን በታራሶቭ እጅ ያለፉ ናቸው። ብልሃቱን ሳነብ ቆብ አነሳሁለት። ሆኖም ታራሶቭ ከልጅነታቸው ጀምሮ የቀረጻቸውን፣ በአንድ የጦር ሠራዊት ክለብ አብረው የኖሩትን ነው ያሰለጠነው። ያንተ ቡድን ግን ምንድን ነው? አንዱ የ1950ዎቹ የካናዳ ገጠር ልጅ፣ አንዱ የ1990ዎቹ ቼክ፣ አንዱ ሩሲያዊ። ተገናኝተው አያውቁም። እነዚህን ማን ያስማማቸዋል?

ቦውማን ይህን በተግባር ያሳየ ሰው ነው። በ1995 ዲትሮይት ውስጥ ፌቲሶቭን፣ ላሪዮኖቭን፣ ፌዶሮቭን፣ ኮዝሎቭንና ኮንስታንቲኖቭን አንድ ላይ አሰለፈ። አምስቱም ሩሲያውያን ናቸው። በሰሜን አሜሪካ ሆኪ «ሩሲያዊ ለዋንጫ ጨዋታ አይሆንም» የሚል ብዙ ሰው በነበረበት ጊዜ ነው። እሱ ግን የራሳቸውን ጨዋታ እንዲጫወቱ ለቀቃቸው። በ1997 ዲትሮይት ለ42 ዓመት የራቃትን ዋንጫ አገኘች፣ በዓመቱም ደገመች።

የእኛው ይድነቃቸው ተሰማስ? በእኛው አቆጣጠር በ1954 ዓ.ም. በእግር ኳስ የአፍሪካን ዋንጫ ስንወስድ የአስመራውን ልጅ ሉቺያኖ ቫሳሎንና የጊዮርጊሱን መንግሥቱ ወርቁን ይዞ አንድ ቡድን አደረጋቸው። ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ስናሸንፍ ለድል ያበቃን የኮከቦቹ ችሎታ ብቻ አልነበረም፤ ያስማማቸው ሰውም ነበር። ይህን ለኤድመንተን ልጆች ብትነግራቸው ደስ ይለኛል፤ ለድምፅ ባይጠቅምህም።

«አባ፣ ሁሉም አሰልጣኝን ለመጨረሻ ነው የሚተወው፣ ለምን ቀድሜ ተራዬን አባክናለሁ?» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ክፉ ሐሳብ አይደለም። ሁለተኛው ዙር ከኋላ ስለሚጀምር 12ኛው ምርጫ ያንተ ነው። እሱን ለተከላካይ አውለው እሺ። ቦውማንን ግን ከሦስተኛው ዙር አታሳልፈው። አንዱ አሰልጣኝ በጠራ ማግስት ሁሉም ይንጋጋል። ስምንት ሆናችሁ ለሦስት ሰው ስትሻሙ የመጨረሻው ማን እንደሚደርሰው አስብ።

ግራንት ፉርን እንደወደድከው ገብቶኛል። በኤድመንተን አምስት ዋንጫ የወሰደ፣ በ2003 በሆኪው የዝና አዳራሽ የገባ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች። እኔም ወድጄዋለሁ። ግን ከሃሼክ አታስቀድመው፤ ሁለተኛ በረኛ ስትመርጥ ከቀረ ያኔ ውሰደው። በዚህ ብትከራከረኝ አልቀየምም፤ በገና ጨዋታ አይቆጣም ጌታ።

ምርጫው ሲያልቅ የስም ዝርዝሩን ሙሉውን ላክልኝ። ኦርን ማን እንደወሰደውም ንገረኝ። ግሬትዝኪን አልፎ እሱን የመረጠ ጓደኛ ካለህ ሰላም በልልኝ፣ ወደ ጎንደር ስትመጣም ይዘኸው ና።

አባትህ