የአውቶ መካኒክ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ 6 ሚሊ ሜትሩ የት ገባ?

ክበባችን ዘንድሮ 22 አባላት ነበሩት፤ 9ኙ ሴቶች ናቸው። በየሳምንቱ ረቡዕ ተገናኝተናል። የመስከረሙ ምርጫ፣ የጥቅምቱ የደንብ ትውውቅና የኅዳሩ የመሣሪያ አያያዝ ሥልጠና በቃለ ጉባኤው ሰፍረዋልና አልደግማቸውም። በመምህራን ስብሰባ ላይ ግን “ለዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጅ ልጅ እጁን ዘይት ውስጥ መንከሩ ምን ይጠቅመዋል?” የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። መልሱ ያለው በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት በሠራነው የፍሪሲዮን (ሞተሩን ከካምቢዮ፣ ማለትም ከማርሽ ሳጥኑ፣ ጋር የሚያገናኝና የሚያላቅቅ ክፍል) ሥራ ውስጥ ስለሆነ፣ ዘገባዬም በእሱ ላይ ያተኩራል።

የሃይድሮሊክ ፍሪሲዮንን የመረጥነው በአካባቢያችን የጭነት አይሱዙ ስለማይጠፋና ነገሩ ከፊዚክስ ክፍል የፓስካል ሕግ (የተዘጋ ፈሳሽ ግፊትን በየአቅጣጫው እኩል ያስተላልፋል) ስለማይርቅ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ከፔዳሉ ጋር የተያያዘው የላይ ፖምፓ ዘይቱን በቱቦ ካምቢዮው ዘንድ ወዳለው የታች ፖምፓ ይገፋል። የታች ፖምፓው ዘንግ ፎርኬታውን (ሹካ መሰሉን ብረት)፣ ፎርኬታው ኩሽኔታውን (ቤሪንጉን) ይገፋና፣ ኩሽኔታው የፕሬዠር ፕሌቱን (ሸራውን የሚጫነውን ሰሌዳ) ጣቶች ተጭኖ ሸራውን (የፍሪሲዮኑን ዲስክ) ከቮላኖው (ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ያላቅቃል። ከዚህ ሰንሰለት አንዱ ካጠረ ማርሽ አይገባም፤ ሪቨርስ ደግሞ እየጮኸ ይገባል።

የክበባችን ደንብ አንድ ነው፦ የታች ፖምፓው ዘንግ ጉዞ ሳይለካ ካምቢዮ አይወርድም። ካምቢዮ ማውረድ የቀን ሥራ ነው፤ መለካት ግን አንድ ረጋጭ፣ አንድ ተመልካችና አንድ ማስመሪያ ይበቃዋል።

ልጆቹ ምልክቶቹን ለይተው እንዲያውቁ ብዙ ደክመናል። ፔዳሉ ደጋግመው ሲረግጡት ከፍ እያለ ከመጣ መስመሩ አየር ይዟል። ረግጠው ሲይዙት ቀስ እያለ ከሰመጠና በውጭ አንድም ጠብታ ካልታየ፣ የላይ ፖምፓው ጎሚኒ (ዘይት የሚያግደው ጎማ) ዘይት ወደ ኋላ እያሳለፈ ነው። የታች ፖምፓው የአቧራ መከላከያ ጎማ ሲገለጥ ውስጡ ከረጠበ ደግሞ የታችኛው ጎሚኒ አልቋል። ፔዳሉ ለመመለስ ከዘገየ ቱቦው ከውስጥ አብጦ መንገድ እየዘጋ ሊሆን ይችላል። ዘንጉ ሙሉ ጉዞውን እየሄደ ማርሽ እምቢ ካለ፣ ያኔ ነው የተጣመመ ሸራ፣ የተሰበረ የፕሌት ጣት ወይም የተበላ ፎርኬታ የሚጠረጠረው። ልጆቹን በጣም ያስቸገራቸው ግን ተቃራኒው ችግር፣ የፍሪሲዮን መንሸራተት ነበር። በላይ ፖምፓው ገፊ ዘንግና በፒስተኑ መካከል ትንሽ ክፍተት ከሌለ ዘይቱ ከላይ ወዳለው የዘይት ማጠራቀሚያ ዕቃ የሚመለስበት ቀዳዳ ይዘጋል። ግፊቱ እዚያው ታምቆ ይቀርና ሞተሩ ሲጮህ መኪናው አይጎትትም፤ አዲስ ሸራም ሳይቆይ ይቃጠላል።

በሚያዝያ አንድ ወላጅ አይሱዙ ኤንፒአር የጭነት መኪናቸውን ወደ ግቢያችን አስገቡልን። ማርሽ እየጮኸ ነበር የሚገባው። ሌላ ቦታ ሸራ ተቀይሮላት፣ የታች ፖምፓውም ጎሚኒ ታድሶላት ለውጥ አላመጣችም። ጎማዎቹ ታኮ ተደረገላቸው፣ የእጅ ፍሬን ተያዘ፣ ሹፌሩ ሞተር አጥፍተው ፔዳሉን ረገጡ። ዘንጉ የተጓዘው 11 ሚሊ ሜትር ነበር።

ልጆቹ ደብተር አወጡ። የፖምፓዎቹ ዲያሜትር ወደ 20 እና 24 ሚሊ ሜትር የተጠጋ ነበርና እነዚህን ቁጥሮች ያዙ። የላይኛው ፒስተን 25 ሚሊ ሜትር ሲሄድ 7.85 ሲሲ ዘይት ይገፋል፤ ይህ በታችኛው ስፋት ሲካፈል 17 ሚሊ ሜትር ይሰጣል። ስለዚህ 6 ሚሊ ሜትር ጎድሏል። መስመሩ 3 ሲሲ አየር ይዞ፣ ግፊቱ ከከባቢ አየር 20 እጥፍ ቢደርስ አየሩ ተጨምቆ 0.15 ሲሲ ይሆናል፤ የተቀረው 2.85 ሲሲ ከንቱ የተረገጠ ነው። በታችኛው ስፋት ሲካፈል ከ6 ሚሊ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ አየር ነበር ያችን መኪና ያስቸገራት።

አየሩን ማውጣት ግን እንደ ስሌቱ አልቀለለም። ግልጽ ቱቦ በአየር ማውጫው ቡሎን ላይ ሰክተን ጫፉን ንጹሕ የፍሬን ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ነከርን። “ጋሼ፣ ይርገጡ፤ ይያዙት፤” ቡሎኑ ግማሽ ዙር ይከፈታል፤ ይዘጋል፤ “አሁን ይልቀቁት።” ይህን 30 ጊዜ ያህል ደጋገምነው። አረፋው ቆመ፤ ልኬቱ ግን 11 ላይ ቀረ።

አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ባትሪ ይዛ ከጎን ጎንበስ ብላ ቆየች። ከዚያ “ቲቸር፣ ቱቦው ጉብታ ሠርቷል” አለች። ካቢኑ ተነሥቶ ሲመለስ ቱቦው ከማሰሪያው ወጥቶ በሻንሲው ብረት ላይ ተጋድሟል። ከላይ ፖምፓ ወርዶ፣ መልሶ ሽቅብ ወጥቶ፣ ደግሞ ይወርዳል። አየር ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች መሄድ አይወድም፤ ከጉብታው አናት ላይ ተቀምጦ ዘይቱ በሥሩ ያልፍ ነበር።

ቱቦው ወደ ማሰሪያው ተመለሰ። ከላይኛው ዕቃ ትንሽ ዘይት ተቀዳ፤ አለዚያ ሞልቶ ቀለም ይልጣል። በ60 ሲሲ ሲሪንጅ ከታች ቡሎን በኩል ዘይት ቀስ ተብሎ ወደ ላይ ተገፋ። ዕቃው ላይ ያለው ልጅ “መጣ! መጣ!” ብሎ ጮኸ፤ አረፋው አንዴ ቡልቅ ብሎ ጠፋ። ተለካ፦ 17 ሚሊ ሜትር። ሹፌሩ ሞተር አስነሥተው ሪቨርስ አስገቡ፤ ኮሽ አላለም። እሳቸው ከካቢናቸው ወርደው የልጅቷን ግንባር ሳሙ። በዚህ ትምህርት ቤት ያየሁት እጅግ የሚያኮራ የተግባር ፈተና ይህ ነው።

በግንቦት ሶማሌ ተራ ወደሚባለው የመኪና መለዋወጫ ገበያ ወርደን ጎሚኒ ገዝተናል። “የኤንፒአር ነው” መባሉ ስለማይበቃ፣ የሄድነው አሮጌውን ይዘን፣ ፖምፓው ላይ የተጻፈውን ልክ አንብበንና ካሊፐር በሚባለው መለኪያ አረጋግጠን ነው። 19.05 እና 20.64 ሚሊ ሜትር በዓይን አይለዩም፤ አንሶ የገባ ጎሚኒ ግን በሳምንቱ ያፈሳል።

ያልተሳካልንም አለ። አንድ አባል በማሳያ ፖምፓችን ውስጥ የሞተር ዘይት ጨመረ፤ ጎሚኒዎቹ በሙሉ አብጠው ተበላሹ። የዛገ የአየር ማውጫ ቡሎንም በጉልበት ሲፈታ ተሰብሮብናል፤ አንገቱን ሙሉ የሚይዝ ባለ 6 ጎን ቁልፍ ቢኖረን አይሰበርም ነበር። ክሪክ አለን፣ የተነሣ መኪና ደግፎ የሚይዝ ማቆሚያ ብረት ግን የለንም፤ ስለዚህ ተማሪ ከመኪና ሥር እንዲገባ ፈቅጄ አላውቅም፣ አልፈቅድምም። ለሌሎች ክበባት ማሊያና የድምፅ ማጉያ የተገዛበት ዓመት መሆኑን አስተዳደሩ እንዲያስታውስልኝ እጠይቃለሁ።

ለ2018 ዓ.ም. የምንፈልገው ይህ ነው፦ 4 ማቆሚያ ብረት፣ አንድ ባለ 6 ጎን ቁልፍ ሙሉ ስብስብ፣ ማንኛውም የማይሠራ ካምቢዮ ከነፍሪሲዮኑ፣ እና ያልተከፈተ የፍሬን ዘይት። የተከፈተ ከሆነ እርጥበት ስለሚስብ አንቀበልም። ዕቃ ያላችሁ ወላጆች ከላይብረሪው ጀርባ ወዳለው ስቶር አምጡልን፤ ረቡዕ ከ10 ሰዓት በኋላ ክፍት ነው።